ሶፋ ሠሪው በር የሚያንኳኳው በመዶሻ ነው ወይ?

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ፣ የእሑዱ ተከታታይ ድራማ ደራሲ፣ አዘጋጅና መሪ ተዋናይ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የመላ ቤተሰብዎን ደኅንነት፣ በተለይ ደግሞ የጉሮሮዎን ሁኔታ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ ገጣሚው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ያንን ማለቂያ የሌለው ግጥም ሲያነበንብ መካከል ላይ ሳል ቢጤ ስለሰማሁ፣ ገጣሚውን ደግሞ እርስዎ ራስዎ እንደሚጫወቱት ስለማውቅ፣ ሐሳብ ገብቶኝ ሰንብቷል። ድሮም ብርድ አይስማማዎትም ነበር።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ይቸገሩ ይሆናል ብዬ ራሴን ላስተዋውቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በየሳምንቱ በሬዲዮ ሲያስታውሱኝ ስለምሰማ ድካሙን ትቼዋለሁ። እኔ በድራማዎ ውስጥ «ሶፋ ሠሪው» የምባለው ነኝ። ስሜን ባለመጥራትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ምንም እንኳ በሰፈራችን ሌላ ሶፋ ሠሪ ባለመኖሩ ጥንቃቄዎ ብዙም ባይጠቅመኝም። በአደባባይ ስላነሱኝም በዚህ ጋዜጣ በአደባባይ ብመልስልዎ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ድራማውን ላልተከታተሉ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። አንዲት ልጅ አለች፤ መስኮት ላይ ቆማለች። ሁለት ሰዎች ይወዷታል፤ አንደኛው ገጣሚ ሲሆን ነፍስ አለው፣ ሁለተኛው ሶፋ ሠሪ ሲሆን መዶሻ አለው። በመጪው እሑድ በመጨረሻው ክፍል ልጅቷ አንዳቸውን ትመርጣለች፤ አድማጮችም ማንን ትምረጥ የሚለውን በስልክ እንዲናገሩ ተጋብዘዋል። በእርግጥ በየክፍሉ መግቢያ ላይ ታሪኩ ልብ ወለድ መሆኑ ይነገራል። ይሁን እንጂ አረንጓዴው ሶፋ፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር አባት፣ በመንገዱ ጥግ ያለው ቤትና አጥር ተጋርቶ የሚኖረው ገጣሚ ጎረቤት፣ ሁሉም እርስዎ በወጣትነትዎ በጎረቤትነት ይመላለሱበት ከነበረውና እኔም ሶፋ ልጠግን ከገባሁበት ቤት ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው። የእውነቷ ልጅ ደግሞ እኔን አግብታ፣ ልጃችን እንኳ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ስለዚህ «ይህ የሦስት ሰዎች ፍቅር እውነት ይመስላል ወይ?» ብዬ ለመጠየቅ ከማንም አድማጭ ይልቅ መብቱ አለኝ ባይ ነኝ። ቅሬታዎቼንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መዶሻውን በተመለከተ። ሶፋ ሠሪው ወደ ትዕይንቱ በገባ ቁጥር ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሲሠራ ቢሆን እሺ፤ ነገር ግን በር ሲያንኳኳም በመዶሻ ነው፣ ደረጃ ሲወጣም ኳ ኳ ይላል፣ አንዴማ ታሞ ተኝቶ ሳለ ኳ ሲል ሰምቼ ባለቤቴን ቀና ብዬ አይቻታለሁ። የድምፅ ባለሙያዎ ትጋት የሚያስመሰግን ነው፤ እኔ ግን በሕይወቴ የሰው በር በመዶሻ አንኳኩቼ አላውቅም። በተጨማሪም ይህ ምስኪን ሰው ከስፖንጅና ከሞላ በቀር የሚያወራው ነገር የለውም፤ ልጅቷ ስለ ጨረቃ ስትጠይቀው «ስፖንጁ ጥሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኔ ያኔ ስለ ስፖንጅ እንኳ አላወራሁም፣ ክቡር ሆይ። ሶፋ የሚያለብስ ሰው ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ነው የሚመታው፤ አፉ በሚስማር የተሞላ ሰው ደግሞ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሆስፒታል ይገባል። እኔ ዝም አልኩ። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀምጣ ስለ ውሎዋ ታወራለች፣ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ፤ በእኛ ቤት ፍቅር ሲባል የተጀመረው እንዲህ ነው። በሬዲዮ ቢተላለፍ ማንም እንደማያዳምጠው አልጠፋኝም።

ሁለተኛ፣ ገጣሚውን በተመለከተ። ይህ ሰው ሥራው ምንድን ነው? ሲርበው አንሰማም፣ ሲተኛ አንሰማም፣ ጫማው ሲያፈስ አንሰማም። ዝናቡ በወረደ ቁጥር ግን መስኮቷ ሥር ተገትሮ ይገኛል፤ ወረቀቱም አይረጥብም፣ ቀለሙም አይፈስም። እንዲያው ዓይኔን በጨው አጥቤ ልናገርና፣ እርስዎ ዝናብ ላይ ቆመው አያውቁም። ካፊያው ገና ሲጀምር በአጥሩ በር ሾልከው ሳሎን ይገቡ፣ እርጥብ ካፖርትዎን ሳያወልቁ አረንጓዴው ሶፋ ግራ ጫፍ ላይ ዘርፈጥ ብለው ግጥምዎን ይጀምሩ እንደነበር አማቴ እስከ ዛሬ እየሳቁ ይናገራሉ። ክረምቱ ሲወጣ የሶፋው ግራ ጫፍ ሻግቶ፣ ሞላው ዝጎ ተገኘ፤ አባትየውም ሶፋ ሠሪ አስጠሩ። የተጠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ትዳሬንም፣ ልጄንም፣ ሞቅ ያለ ቤቴንም ያገኘሁት በካፖርትዎ ምክንያት ነውና እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሳልል መቅረቴ ሁልጊዜ ይቆጨኝ ነበር። ይኸው ዛሬ አልኩ።

ሦስተኛ፣ ልጅቷ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆጣ ብል ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ድራማው ከተጀመረ ወዲህ ልጅቷ መስኮት ላይ ቆማ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ የእስካሁኑ ትንፋሽ ቢጠራቀም የሰፈሩን የብስክሌት ጎማ ሁሉ ይነፋ ነበር። ሁለቱ ወንዶች በተራ ይናገራሉ፣ እሷ ትተነፍሳለች፤ ሙዚቃ ይገባል፣ ክፍሉ ያበቃል። ኧረ ለመሆኑ ይህች ልጅ አፍ የላትም? ሥራስ የላትም? የእውነቷ ልጅ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበረች፣ ዛሬም ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቁስል ስታሽግ፣ የዳነውን ሰው ክር ስትፈታ፣ ከሐኪም ጋር ስትከራከር ውላ እግሯ አብጦ የምትገባ ሰው መስኮት ላይ ለመቆም ፋታ የላትም። ከገባች ደግሞ ጫማዋን ወርውራ ትቀመጣለች እንጂ አትተነፍስም። ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ያልተዋጣልዎት እሷ ናት። እኔንስ ግድ የለም፣ ቢያንስ መዶሻ ሰጥተውኛል።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ኑዛዜ ነው ልበል። በድራማዎ ውስጥ ሶፋ ሠሪው ጠግኖ በሄደ በሳምንቱ የሶፋው ስፌት ይፈታል፤ ተጠርቶ መጥቶ ይሰፋል፣ እንደገና ይፈታል፤ አድማጭም በሳቅ ይፈርሳል። ይህቺ እንኳ እውነት ናት። ያኔም በአጥሩ ላይ ተደግፈው ይስቁብኝ እንደነበር አልረሳሁም። የጀርባው ስፌት ደጋግሞ ተፈትቶብኛል፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ክሩ አልተበጠሰም፣ ጨርቁ አልተቀደደም፤ እንዲሁ ወልቆ፣ አምሮ ተኝቶ ይገኛል። ክሩ ደካማ ነው ብዬ ከክር ነጋዴው ጋር አንገት ለአንገት ተያያዝኩ፤ ሰውየው ምሎ ተገዝቶ ቢለምነኝም አልሰማሁትም፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለንም። ከዚያ በኋላ የሰፋሁት ሶፋ አንድም አልተፈታም። አሁን ግን በእርስዎ ቸርነት ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ወደ ሱቄ አንገቱን አስግጎ ስፌቱ እንዴት አደረ ይለኛል፤ ደንበኞቼም ሶፋቸውን ከመረከባቸው በፊት ጀርባውን እየጎተቱ ይሞክራሉ። ስለዚህ ነጻ ማስታወቂያም አልነፈጉኝምና አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በቀልድ ማለፍ እችል ነበር። የገዛ ልጄ ጣቢያዎ ድረስ ደውላ ድምፅዋን ለገጣሚው ስትሰጥ እንኳ፣ እሱ ካሸነፈ አንቺ አትወለጂም ብዬ ላስረዳት ሞክሬ፣ እሷም «አባዬ፣ ግጥሙ ግን አንጀት ይበላል» ብላኝ፣ ስቄ አልፌያለሁ። ያልሳቅሁበት አንድ ነገር አለ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርዎት። እሑድ ከሰዓት ድራማው ሲጀምር ባለቤቴ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጣለች። ገጣሚው ሲናገር ድምፁን ትጨምራለች። እኔ ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት በእጇ ዝም በል ትለኛለች። ባለፈው እሑድ ያ የዝናቡ ግጥም ሲያልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን በመሀረብ ስትጠርግ አየኋት። ምን ሆንሽ ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ አፌ አልታዘዘኝም፣ አንዲት ሚስማር እንኳ ሳይኖርበት። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። አንድ ዕድሜ አብሮ ኖሮ «ተጸጽተሽ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይህን ጉድ ያመጡብኝ እርስዎ ስለሆኑ ማወቅ ይገባዎታል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ልጅቷ እኔን ትምረጥ አልልም፤ በሬዲዮ ያለ ድል እርስዎን ደስ ካሰኘ ይውሰዱት፣ ይገባዎታል፣ ብዙ ጠብቀዋል። ነገር ግን ማንንም ብትመርጥ፣ እባክዎ፣ በዚያ በመጨረሻው ክፍል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያናግሯት። ለምን እንደመረጠችው ትናገር። እዚህ ቤት ለመልሱ የቸኮለ ሰው አለ፤ ከእሷ አፍ መስማት የፈለገውን ከሬዲዮዋ ልጅም ቢሰማ ይበቃዋል።

ጉሮሮዎ ድኖ፣ ካፖርትዎ ደርቆ፣ ብዕርዎ ሳይነጥፍ ለብዙ ዘመን በአየር ላይ ያቆይልን እያልኩ፣ ለሥነ ጽሑፍዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት፣ ለድምፅ ባለሙያዎ ያለኝን ጥልቅ ቅሬታ በማክበር አስታውቃለሁ። ቢሮዎ ያለው የእንግዳ ሶፋ ግራ ጫፉ የሻገተ እንደሆነም፣ አንድ ቃል ይላኩብኝ፣ መጥቼ በነጻ አለብስልዎታለሁ፤ በሩንም በጣቴ አንኳኳለሁ።

ታዛዥዎና ቋሚ አድማጭዎ፣

ሶፋ ሠሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊደል አያያዜ ደካማ ስለሆነ ደብዳቤውን እንድታርምልኝ ለባለቤቴ ሰጥቻታለሁ፤ ወደ ሥራ ስትሄድም ለጋዜጣው ቢሮ የምታደርሰው እሷ ናት። ካረመች በኋላ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም።

ሌላ ድኅረ ጽሑፍ፣ በባለቤቱ እጅ፦ እሱ ይህን የሚያነበው እንደ ማንኛችሁም ጋዜጣው ሲወጣ ነው።

ጎረቤቴ ሆይ፣ ባለቤቴ እርስዎ ይበልህ፤ እኔ ሳሎናችን ውስጥ ካፖርትህ ሲንጠባጠብ ስላየሁ አንተ ብልህ አይከፋህም። ድምፁን የምጨምረው ልጅቷ ዛሬስ ትናገር ይሆን እያልኩ ነው። ያኔም እንዲሁ ነበርክ፤ ያን ሁሉ ግጥም ስታነብልኝ አንድ ቀን እንኳ ውሎሽ እንዴት ነበር አላልከኝም። ባለፈው እሑድ ዓይኔን የጠረግሁት ደግሞ ከሳቅ ነው። ያቺ የዝናብ ግጥም ለእኔ ያነበብካት ናት፤ ለታላቅ እህቴም እሷኑ አንብበህላት ነበር፣ የዓይናችንን ቀለም ብቻ ለወጥህ። ሳቄን ባለቤቴ እንዳያይብኝ ወደ ግድግዳ የዞርኩት ድራማው ውስጡን እንደነካው ስላወቅሁ ነው፤ ለካ ያንንም አይቶብኛል።

ስለ ስፌቱ ግን ድራማህን አስተካክል። ክሩ ደካማ አልነበረም። ማታ ማታ ሐኪም ቤት በምሠራበት መቀስ የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬም እሱ ነው፣ የሰው ገላ ሳላሳምም ክር ማውጣት የማውቅ ጨርቅ ይከብደኛል? ጠግኖ ሲጨርስ የሚመለስበት ምክንያት አልነበረውም፣ እኔ ደግሞ ውሎዬን ተናግሬ አልጨረስኩም። ባለቤቴ ሰምቶ የክር ነጋዴውን ይቅርታ ይጠይቅልኝ፤ ምስኪኑ በእኔ ጥፋት ነው ደንበኛ ያጣው።

አንተ የእኔ ሰው፣ ይህን ካነበብክ በኋላ ሚስማሩን ከአፍህ አውጣና ቤት ስገባ ጠይቀኝ። ሬዲዮውን አጥፍቼ እነግርሃለሁ።