ያው ክንድ፣ ያው ደም

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

መኪናዬ ጠዋት አልነሳም አለ። ወንድሜ ፈዋዝ ከነእንቅልፉ ወርዶ ከመኪናው ባትሪ ጃምፕ አደረገልኝ። ፍሪድሊ የምሠራበት ፋብሪካ ስደርስ ሱፐርቫይዘሯ ሰዓቷን አየች። ቀኑን ሙሉ ልብ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ በማጉያ መነጽር ስመረምር ዋልኩ። ዓይኔ ጠፋ።

ቤት ስገባ እማ ፖስታ አውጥታ መጥታ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላው በካልሲ ነው። ካልሲው ርሷል። ወጥቼ ሳይ ጫማው ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ በረዶ ውስጥ ተቀብሯል።

"እማ፣ ጫማሽ ሲወልቅ አልተሰማሽም?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ምን ሆኜ!"

ምን ሆኜ? በዚህ ብርድ? በካልሲ?

ወዲያው ጎረቤታችን እትዬ ሻሂዳ ከላይኛው ፎቅ ወረደች። "እንዴት ነሽ?" "አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?" "አልሐምዱሊላህ።" ሁለቱ ሲገናኙ ከዚህ ሌላ መልስ የለም። እርጥቡን ካልሲ ይዤ መሃላቸው ቆሜያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ፈዋዝን ያዝኩት። ዲሴምበር ላይ ዶክተር ጋ የወሰዳት እሱ ነው።

"ምን ጠየቃት?"

"ሃው አር ዩ አላት። አልሐምዱሊላህ አለች። ፋይን ናት አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?"

ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም! አልሐምዱሊላህ ብላ ገባች፣ አልሐምዱሊላህ ብላ ወጣች። በያዝኩት ማንኪያ ልለው ነበር። "አንቺ ለምን አልወሰድሻትም?" አለኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ... እሱም ትክክል ነው፣ እኔም ትክክል ነኝ፣ የእማ እግር ግን ደንዝዟል።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

እትዬ ሻሂዳ የነገረችን ሴት ጋ ሄድን። ጃለኔ ትባላለች። ናቹሮፓት ናት፤ በምግብ፣ በዕፅዋትና በቫይታሚን የምታክም። ሐሙስ ሐሙስ የኛን ሰው በነፃ ታያለች። ከምንኖርበት ብሩክሊን ሴንተር ቡርንስቪል ድረስ በበረዶ ድራይቭ አደረግሁ። ዝንጅብል ቀቅላችሁ ጠጡ ብላ የምትሸኘን መስሎኝ ፊቴን አኮሳትሬ ገባሁ።

እንዴት ነዎት አላለቻትም። በዚያ ኦሮምኛ ቃና ባለው አማርኛዋ፣ "እናቴ፣ ድሮ ሳያስቡት የሚያደርጉት፣ አሁን ግን ያቃተዎት ምንድን ነው?" አለቻት።

እማ ወደኔ አየት አደረገች። ከዚያ... "ሶላት።"

"በሬን ዘግቼ ወንበር ላይ ነው የምሰግደው። ግንባሬን መሬት ላስነካ ለሱጁድ ከወረድኩ መነሳት አቃተኝ። መሬቱ አይሰማኝም፤ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል።"

አንድ ቤት ነው የምንኖረው። አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን። እንዴት አላወቅሁም?

ጃለኔ እግሯን ከጣቷ ጀምራ እስከ ጉልበቷ ነካካች። "ደሟ መታየት አለበት" አለችኝ። "ቢ ትዌልቭ ቫይታሚን፣ ታይሮይድ፣ ስኳር። ውጤቱን ሳላይ አንድ ክኒን አልሰጥም። ቶሎ ይሁን ኢናስ፣ ነርቭ ከቆየ አይመለስም።" ማዘዣ ጻፈችልን። ዝንጅብል የሚል ቃል ካፏ አልወጣም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

እርር ድብን ብያለሁ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ደም የሚወሰድበት ላብራቶሪ ሄድን። እማ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘርግታ ተቀምጣለች። የላብራቶሪዋ ልጅ ኮምፒውተሩን አየች፣ እንደገና አየች።

"ያዘዘችው ናቹሮፓት ናት። የስቴቱ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም።"

"ዶክተር ቢያዘውስ?"

"ይሸፍናል።"

"ያንኑ ምርመራ?"

"ያንኑ።"

"ከዚሁ ክንድ?"

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋችልኝ። ከኪሳችሁ ከሆነ እዚህ ፈርሙ አለች። እስክሪብቶውን ሳነሳ እማ እጅጌዋን መልሳ አወረደች። "በኔ ደም ዕዳ አትገቢም" ብላ ተነሳች። ግድግዳውን ይዛ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ በሩ ድረስ...

ማን ላይ እንደምጮህ አጣሁ። መኪና ውስጥ መሪውን ደበደብኩት።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21

ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ... ሙዚቃ... የምሳ ሰዓቴ አለቀ። በመጨረሻ አንዱ አነሳ። በጣም ጨዋ ነው፤ ያቃጠለኝም ጨዋነቱ ነው።

"ምርመራው ይሸፈናል። ያዘዘችው ባለሙያ ግን በፕሮግራማችን ውስጥ የለችም።"

"ስቴቱ ራሱ መዝግቧታል አይደለም እንዴ?"

"መመዝገብ ሌላ፣ መሸፈን ሌላ ነው።"

የእናቴ እግር እስኪሞት ይህን ስትለዩ ቆዩ አልኩት። "ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?" አለኝ። ሌላ! እስካሁን በምን ረዳኝና ነው ሌላ የሚለኝ?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22

የእማ ዶክተር ቅርቡ ክፍት ቀጠሮ ፌብሩዋሪ 20 ነው። ሌላ ክሊኒክ አዲስ ሰው የሚቀበለው አፕሪል ላይ ነው። ኤጭ!

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 8

እማ ለሶላት ውዱእ ስትታጠብ ፍል ውሃ እግሯ ላይ ለቃለች። የደነገጠችው እጇ ሲነካው ነው። እግሯ ቲማቲም መስሏል፣ እሷ ግን ምንም አልተሰማትም።

ጃለኔ ጋ ደወልኩ። "አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት" አለች። እማ፣ "ለቀላ እግር ድንገተኛ? ሰው ይሳቅብን?" ብላ አልጋዋ ላይ ወጥታ ተሸፋፈነች። ልሸከማት ነው? ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። አይሆንም አለች። ወላሂ፣ እሷም አናደደችኝ! ዛሬ ያላናደደኝ ሰው የለም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

ረመዳን ገብቷል። ሁለታችንም ፆመኛ ነን፤ ለጠብ አይመችም፣ ቢሆንም ተጣላሁ።

ዶክተሩ የጃለኔን ማዘዣ አየና፣ "ናቹሮፓት ስላለች ብቻ አላዝም፣ ምልክት ያስፈልገኛል" አለ። እሺ። ምልክቱን ጠይቃት እንግዲያ! ስልክ ላይ ያለው አስተርጓሚ፣ "እናቴ፣ እንዴት ነዎት?" አላት።

"አልሐምዱሊላህ! እርስዎስ? ቤተሰብ ደህና? ፆሙ እንዴት ይዞዎታል?"

ያ ረብ! አስተርጓሚውን ስለ ቤተሰቡ ትጠይቀዋለች! "ጫማዋ ሲወልቅ አይሰማትም፣ ፍል ውሃ አይሰማትም" ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ። እማ፣ "አንድ ቀን ነው፣ ብርዱ ነው" አለች። ዶክተሩ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ፆም ላይ ስለሆነች ድካም ይኖራል ብሎ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ።

ምን ላድርግ? ደሜ ፈልቷል። ያኔ የጃለኔ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

"እማ፣ ሶላትሽን እንዴት ነው የምትሰግጂው? ንገሪው።"

ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። በሶላቷ እንደማትዋሽ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያደረግሁት።

"ወንበር ላይ" አለች ቀስ ብላ። "መሬቱ ስለማይሰማኝ።"

አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው። ዶክተሩ ወንበሩን መለሰ፤ ጫማዎን ያውልቁ አለ። አሁን ገና! ጣቷን ሲነካው ዓይኗን ጨፍና፣ "ጀመረ እንዴ?" አለች። የጃለኔን ማዘዣ እያየ ያንኑ ጻፈ። አንድም አልጨመረም።

ያው ላብራቶሪ ሄድን። ያችው ልጅ ነበረች፣ አላስታወሰችንም። ያው ክንድ። ያው ደም። "ኦል ሴት! ጨርሳችኋል" አለችን እየሳቀች።

መኪና ውስጥ እማ ከኋላ ገብታ ተቀመጠች። ቤት ልንደርስ ስንል፣ "በእኔና በጌታዬ መሃል የነበረውን ለሰው አወጣሽው" አለች። ስናፈጥር ግን የመጀመሪያውን ተምር ለኔ ሰጠችኝ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ዶክተሩ ራሱ ደወለ። ቢ ትዌልቯ የለም ማለት ይቻላል። ከነገ ጀምሮ መርፌ። "ጥሩ ያዝነው" አለኝ።

ያዝነው? ማን ነው የያዘው? የያዘችውማ ፊርማዋ አይቆጠርም! እግሯ ይመለሳል ወይ አልኩት። "የተወሰነው ይመለስ ይሆናል። ቀደም ብሎ ቢሆን ይሻል ነበር።" ጃንዋሪ ላይ ክንዷን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር አልኩት። ቢያንስ እሱ፣ ሌላ የምረዳሽ አለ ወይ አላለኝም።

ለጃለኔ ነገርኳት። "እሰይ፣ እንኳን ታወቀ" አለች እንጂ አንድ የንዴት ቃል አልወጣትም። እኔ ለሁለታችንም ተናደድኩ።

ዓርብ፣ ማርች 20

ዒድ። የሶላቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። እማ ታጣፊ ወንበሯን ይዛ ሰው መሃል የሰጋጆቹ ረድፍ ውስጥ ገባች። ቀኝ እግሯ ምንጣፉ ይሰማዋል፣ መርፌው መለሰው። ግራው አልተመለሰም። እንግዲህ ላይመለስ ይችላል።

ሶላት ላይ አጠገቧ እትዬ ሻሂዳ ነበረች። ከሱጁድ ስትነሳ የእማን ወንበር እግር ጨምድዳ ያዘች። አየሁ። እማም አይታለች።

ስንጨርስ ዒድ ሙባረክ ተባባሉ፣ ተሳሳሙ።

"እንዴት ነሽ?" አለች ሻሂዳ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች እማ። "ግራ እግሬ ግን ሞቷል። ዘገዩብኝ።"

ሻሂዳ ደንግጣ ግራ ቀኝ አየች። ሰው ፊት እንዲህ ይባላል?

"አንቺስ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ወንበሬን ለምን ያዝሽ?"

ሻሂዳ ልትስቅ ፈለገች፣ አልሆነላትም። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። "እግሬ... ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል" አለች። ጃለኔን ለኛ የጠቆመች እሷ! ለራሷ ሄዳ አታውቅም። ኢንሹራንሷም ያው እንደ እማ የስቴቱ ነው።

እማ ወደኔ ዞረች። "ስልክሽን አውጪ። ዶክተሩ ጋ ቀጠሮ ያዢላት። አብሬያት የምገባው እኔ ነኝ።"

"እማ፣ ዛሬ እኮ ዒድ ነው።"

"ለነሱ ዒድ አይደለም። ደውይ!"

እናቴ እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ደወልኩ። ሙዚቃው ጀመረ። እማ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችና ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።