ቃል ነው ወይስ ምኞት?

ውድ አምሀ፣

ከፊልቱ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «ስሜቴን ገለጽኩ እንጂ እመጣለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም» ትላለህ። ደግሜ ባነበብኩት ቁጥር ይብስ ተናደድኩ።

ሎጅባንን አብረን ነው የተማርነው። ነገሌ ኢንተርኔት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ «ሰዎች ንግግር እንዳያሻማ ብለው አስበው የሠሩት ቋንቋ ነው» ብለህ ያስጀመርከኝ አንተ ነህ። «ዊ» ደስታ ነው፤ «አሆ» ተስፋ፤ «ሚ ክላማ» እመጣለሁ ማለት ነው። «ዊ ሚ ክላማ» ያለ ሰው ደስታውን ቢጨምርበትም እመጣለሁ ብሏል። «አሆ ሚ ክላማ» ያለ ግን ምኞቱን ነገረን እንጂ ስለ መምጣቱ ምንም አላለም። እኔ ሁለቱም ያው ስሜት ናቸው ብዬ ስከራከር እየሳቅክ ያረምከኝ አንተ ነህ።

እሑድ ሽማግሌ ይዘህ ትመጣ እንደሆነ ስጠይቅህ የጻፍከው «ዊ ሚ ክላማ» ነው።

አባዬን ታውቃቸዋለህ፤ በነገር አይቸኩሉም። መልስህን ስነግራቸው «ቃል ነው ወይስ ምኞት?» አሉኝ።

«ቃል ነው፣ አባዬ።»

ከእኛ ወገን ላልሆነ አትሰጥም ሲሉ የከረሙት አጎቴ ዶዮ ሳይቀሩ ከዱብሉቅ መጡ። እናቴ ፍየል አሳረደች። እሑድ ቀኑን ሙሉ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በር ትወጣለች። ስልክህ ዝግ ነው። አመሻሹ ላይ አጎቴ በትራቸውን አንስተው «ናጋቲ» ብቻ ብለው ተሰናብተው ወጡ። እሱ ነው የባሰብኝ። አባዬም እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ «እኔ ያመንኩት አንቺን ነበር» አሉኝ።

አሁን አባትህ ጋሽ ሥዩም እንዳልተስማሙ፣ አንተ ግን እስከ መጨረሻው እሺ ይሉኛል ብለህ ተስፋ አድርገህ እንደነበር ትነግረኛለህ። ታዲያ ያኔውኑ «አሆ» ብትለኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት። ዘመድ አይጠራም፣ ፍየል አይታረድም፤ እኔም ካንተ ጋር ተስፋ አደርግ ነበር። አንተ ግን ተስፋህን ለራስህ ይዘህ፣ እኔን በቤተሰቤ ፊት ውሸታም አደረግኸኝ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ፊልቱ እመጣለሁ። ብቻዬን እንዳልሄድ አባዬ አጎቴ ዶዮን ለምነው አስከትለውኛል። ታገባኝ እንደሆነ በአማርኛ፣ እሳቸው እየሰሙ ትነግረኛለህ። ደስ ይበልህ ይክፋህ አልጠይቅህም። አዎ ካልክ እቆያለሁ፤ አይ ካልክ በዚያው መኪና እመለሳለሁ።

ዱረቲ ሞሉ