በአገጬ ልክ የተሠሩ መስኮቶች

ውድ አባዬ፣

ዛሬ ጠዋት በስምህ ያቋቋምነው የበጎ አድራጎት ድርጅት የምዝገባ ወረቀቱን ተቀበለ። ቢሮህ በር ላይ ሰሌዳውን ስንሰቅል፣ ግንበኛህ ጋሽ ውሃልክ "ወደ ግራ ዘሟል" እያለ አራት ጊዜ አስወረደን። ብታይ ትስቅ ነበር።

ከኩራቱ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ካረፍክ በኋላ ቢሮህን ልሸጠው ነበር። ገዢ አግኝቼ፣ የሕንፃ ንድፎችህን ካርቶን ውስጥ ማጨቅ ጀምሬ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከእኛ ይልቅ ሕንፃዎችህን የምትወድ ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን አልነገርኩህም፤ በሆዴ ይዤው አደግሁ።

ጋሽ ውሃልክ የመጣው ያኔ ነው። አንተ የሠራኸውን የአንድ ትምህርት ቤት ንድፍ ከካርቶኑ መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"ትምህርት ቤቱን ሲያድሱ መስኮቶቹን ወደ ላይ ሊያነሷቸው ነው አሉ፤ አባትሽ ተሳስቷል ብለው። እስቲ ከፍታቸውን አንብቢልኝ።"

ሌላው ቦታ ሁሉ ቁጥር ነው። ከመስኮቱ ደፍ አጠገብ ግን በእርሳስ "የልጄ አገጭ" ብለህ ጽፈሃል።

"'ስንት ሴንቲ ነው?' ብዬ ብጠይቀው ሜትሩን አስቀምጦ አንቺን ይዞ መጣ" አለኝ እየሳቀ። "ወንበር ላይ አስቀምጠን ልንለካሽ ብንል፣ አልረጋ ብለሽ አበሳችንን አሳየሽን!"

ወንበሩ ትዝ አለኝ። ግድግዳው ያላለቀ ክፍል፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ፣ አገጬን የያዘው ሻካራ እጅህ። እኔ እኮ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

በነጋታው ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የእድሳቱ መሐንዲስ ጨዋ ሰው ነው። "መስኮቶቹ ከመጠን በላይ ዝቅ ብለዋል፤ ስህተት ነው" አለኝ።

"ስህተት አይደለም፤ የእኔ አገጭ ነው" አልኩት፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ጤንነቴን ተጠራጠረ። የተማሪ ወንበር ስቤ "እባክዎ ይቀመጡ፤ ትንሽም ጎንበስ ይበሉ" አልኩት። ጉልበቱ ደረቱን እየነካ ተቀመጠና ጎንበስ አለ። በመስኮቱ ወደ ግቢው ዛፍ ተመለከተ። በመጨረሻ "ዛፉ እስከ ሥሩ ይታያል እኮ!" አለ። የእድሳት ንድፉን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ወሸቀው፤ መስኮቶቹም ቀሩልን።

ድርጅታችን የተወለደው ከዚያች ወንበር ነው። ቢሮህን ለድርጅቱ ሰጠሁት፤ ተማሪዎች እየመጡ ንድፎችህን ያያሉ። ደንባችን ላይም አንድ ነገር አስገብተናል፦ አንተ የሠራኸውን ቤት ማደስ የፈለገ ሰው፣ መጀመሪያ ባለቤቶቹ የሚቀመጡበት ቦታ ይቀመጥ። ጋሽ ውሃልክም ባለአደራ ሆኖ ፈረመ። "ፊርማህ ወደ ግራ ዘሟል" አልኩት፤ ብድሬን መለስኩ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ጎራ አልኩ። አንዲት ልጅ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯን ደፉ ላይ አስደግፋ ዛፉን ታያለች። አስተማሪዋ ሁለቴ ጠራቻት፤ አልሰማችም። እኔ አባቴ ለእኛ ጊዜ የለውም እያልኩ ስከስህ ኖርኩ፤ አንተ ለካ በየክፍሉ አስቀምጠኸኝ ነው የሄድከው።

እኔ እያለሁ እነዚያ መስኮቶች ንቅንቅ አይሉም።

አልረጋ ብላ ያስቸገረችህ፣
ልጅህ