«አልቋል» ያልኩ ቀን

ጥቅምት 3
ፋርማሲውን ከፍቼ ባንኮኒውን እንኳ ሳልወለውል ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ገቡ። ለልጃቸው የሚጥል በሽታ ኪኒን። እንደ ልማዳቸው የግማሽ ወር ብቻ።
«እየዘለልኩ እሰጣታለሁ።»
«አይዘለልም፣ አባባ! አደገኛ ነው።»
«ዋጋው ሲዘል ማንም አልተቆጣውም፤ እኔ ስዘል ትቆጪኛለሽ?»
ሳቅን። የግማሽ ወሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ጥቅምት 9
እሁድ። ምሳ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ቤት። የመድኃኒት ዋጋ በሚተምነው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የእሱም ልጅ ያንኑ ኪኒን ይወስዳል፣ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ። ከመጪው ወር ዋጋው በትእዛዝ በግማሽ ይወርዳል አለኝ።
«በወረቀት ታወርደዋለህ፤ ዕቃውንስ በምን ታመጣዋለህ? ይልቅ ፈቃዱን ለሌሎችም ስጡ። አንድ ሰው ብቻውን እያስመጣ ዋጋ እንዴት ይቀንሳል?»
«በሰው ሕመም ገበያ ይደራል እንዴ? እኔስ እገዛለሁ። የማይችሉትን አስበሻቸዋል?»
ልብስ ሰፊው ትዝ አሉኝ።

ኅዳር 1
አዲሱ ዋጋ ተጀመረ። ልብስ ሰፊው የሙሉ ወር ገዙ። «ይሄን ያደረገ ሰው እጁ ይባረክ» አሉ። ወንድሜ ነው ለማለት አፈርኩ።
ተሳስቼ ይሆን? ብሳሳት ደስ ይለኛል...

ኅዳር 27
አስመጪው በስንት መከራ ስልክ አነሳ። «እህቴ፣ ፋብሪካው ለእኔ የሚሸጥልኝ አንቺ ከምትሸጭበት በላይ ነው። ከስሬ ላምጣ?»


ታኅሣሥ 12
የቀረኝ ሁለት ፓኬት። ጋሼ ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ። «ለልጁ... ያለሽን አስቀምጪልኝ።»
ነግሬህ አልነበር ልለው አሰብኩ። አላልኩም። ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ታኅሣሥ 15
ልብስ ሰፊው መጡ። ከተማውን ሲያካልሉ ውለው።
«አንቺ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው።»
«አልቋል፣ አባባ።»
ይህን ስል እጄ መሳቢያው ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 22
የልብስ ሰፊው ልጅ ከወደቀች ሦስተኛ ቀኗ። ሆስፒታል ናት። አባቷ ከአዟሪ በአራት እጥፍ የገዙላት ኪኒን ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ዱቄት ይሁን፣ ኖራ... በሽታው ጥሏት አልለቅ አላት። አሁን ነቅታለች፤ ሰው ትለያለች። ቀኝ እጇ ግን መርፌ አይዝም። የአባቷን ሥራ የምትጨርሰው፣ ቁልፍ የምትተክለው እሷ ነበረች።

ታኅሣሥ 23
አንዱን ፓኬት ጋሼ ወስዶታል። ሌላውን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ።
«ከየት ተገኘ?» አሉኝ አባቷ።
አልዋሸሁም። ያን ቀንም ነበረኝ፣ ለወንድሜ ልጅ ደብቄ ነው አልኳቸው።
ፓኬቱን በእጃቸው አገላበጡት። «እኔም ብሆን አደርገው ነበር» አሉ በመጨረሻ።
ይቅርታ ነው? አይመስለኝም። ፊታቸውን ወደ አልጋው አዞሩ።
ከዚያ ጋሼ ቢሮ። ቁጭ እንኳ ሳልል ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። መልሶ አላደረገውም።

ጥር 6
ጋሼ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ተናግሯል። ተመኑ ይነሳ፣ ፈቃዱ ለሌሎችም ይከፈት፣ አቅም ለሌለው ደግሞ መንግሥት ይክፈልለት ብሎ። «ትላንት ራስህ ያወጣኸውን?» ብለው ሳቁበት አሉ። አልተቀመጠም።
ማታ ደወለልኝ። «ትክክል ነበርሽ።»
«ትክክል የነበርኩትም እኔ፣ የደበቅኩትም እኔ።»


መጋቢት 18
ኪኒኑ ተመልሷል። አስመጪዎቹ አሁን ሦስት ናቸው። ዋጋው ከተመኑ ከፍ ይላል፤ ከዱሮው ግን ዝቅ ያለ ነው። ለድሃ መንግሥት ይከፍልለታል፤ የመንግሥት ክፍያ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው በዝቷል።
ልብስ ሰፊውን አየኋቸው። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ፣ ቀስ እያለች። ወደ እኔ የሚመጡ መሰለኝ። መደርደሪያው ጋ ሄጄ ኪኒኑን አወረድኩ።
በደጄ አለፉ። መንገዱን ተሻግረው ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ገቡ።
ሰው ከፈለገበት ይግዛ እያልኩ ስከራከር የኖርኩት እኔ ነኝ... ገዙ። ወጡ። ወደ እኔ በኩል አላዩም።