ብራቅን ማን አስታረቃት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል።

ሱቄን ከፍቼ ዚፑን በቀለም ለየሁ። ጥቁሩ አልቋል። የልብስ ቁልፉን በየጣሳው ገለበጥኩ። የመርካቶ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ተሸካሚዎቹ ዞር በሉ እያሉ ጆሮዬን በሉት። ገዢ የለም። ስለዚህ አንቺን አወጣሁ፣ ደብተሬ።

ልጄ ሙሉ እኔ ቤት ከመጣች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ። ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሯል። የሰበረው ባሏ ግርማ ነው። ዱባይ ተራ ጫማ የሚያከፋፍለው፣ ሰው ሁሉ ጨዋ የሚለው። ጥላው ስትመጣ ይኼ ሦስተኛዋ። ሁለቱን ጊዜ የመለስኳት እኔ ነኝ። እኔው፣ በእጄ ይዤ።

ከሰ. 9 ሰዓት። ተከራዮቼ ዳዊትና ነስሩ ሱቅ ድረስ መጡ። ተ/ሃይማኖት ግቢዬ ውስጥ ሰርቪሷን ይዘው ኮሚክ ይሠራሉ፤ ዳዊት ይጽፋል፣ ነስሩ ይስላል። ድሮ ቢሆን ሳንሱር አያሳልፋቸውም ነበር። አሁን ማን ከልክሎ። ጀግናቸው ብራቅ የምትባል ሴት ናት። ቀን የታክሲ ወያላ፣ ችግር ሲመጣ ሚኒባስ በአንድ እጇ የምታነሳ። ሳይታተም በፊት እኔ አነባለሁ። እትዬ አስካለ ከገባቸው አገር ይገባዋል ይላል ነስሩ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ አንዲት ፊደል ዘልዬ አላልፍም። የነስሩ አባባል ስድብም ነው፣ ምስጋናም ነው። ሰባተኛውን ቁጥር ሰጥተውኝ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9። ከሰ. 8 ሰዓት።

ሙሉ ምሳ አልበላችም። ሞባይሏ ይጮኻል። ታየዋለች፣ ታጠፋዋለች፣ ደግሞ ትከፍተዋለች። ስታጠፋው ደስ ይለኛል። ስትከፍተው ሳህኗን አንስቼ ማጀት እገባለሁ። ምን ብዬ ልናገር? አፍ አለኝ?

ብራቅን ገጽ 10 ደረስኩ። ተናደድኩ። እነዚህ ልጆች ሴት አያውቁም። ብራቅ ከአንደኛው ቁጥር ጀምሮ እናት የላትም። እህት ሰጧት፣ እህቷ ከዳቻት። የሚወዳት ፖሊስ ሰጧት፣ በአራተኛው ቁጥር ገደሉት። ዋናው ጠላቷ ጽልመት የገዛ ባሏ ነው፤ የሰፈሩን መብራት እየዋጠ የሚኖር። መላ ከተማውን ታድንና ጣሪያ ላይ ወጥታ ለብቻዋ ታለቅሳለች። ጎረቤት የላትም? እድር የላትም? ዳዊትን ጠየቅሁት። ጀግና ብቸኛ ነው አለኝ። እኔ ያየሁት ብቸኛ ሴት እንጂ ብቸኛ ጀግና አይደለም።

ነስሩንም አልማርኩትም። ዳሌዋን አሳድጎ እጇን አሳንሶታል። በዚህ እጅ ሚኒባስ ይነሳል ወይ ብዬ የራሴን እጅ ዘረጋሁለት። "ውይ እትዬ፣ የእርስዎ እጅ እኮ ተሳቢ ያነሳል!" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ግን ተቀመጠና እጄን ሳለው። ጣቱም፣ ጠባሳውም፣ ያበጠው አንጓም ሳይቀር። ብራቅ አሁን የእኔ እጅ አላት። አፈርኩ። ደስም አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11። ቀን 6 ሰዓት።

ሱቅ ዘግቼ መጣሁ። ግቢ ስገባ ሳቅ። የሙሉ ሳቅ! ነስሩ ጀሶዋ ላይ ብራቅን እየሳለላት ነው። አፍንጫዋን አታሳድገው፣ የእኔን አስመስለህ ልታሾፍ ነው ትለዋለች። አቤት፣ ስንት ዘመኗ ሳትስቅ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ደስታዬ ግማሽ ሰዓት አልቆየ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በቀለ መጣ። ነገ ሳይሆን በሳምንቱ እሑድ ግርማ ሽማግሌ ይልካል አለ። አራት የተከበሩ ሰዎች። ግርማ አልቅሷል፣ ተጸጽቷል። ሰይጣን አሳስቶት ነው አለ። ሥራ በዝቶበት ነው አለ። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ነው። እምቢ ብትልስ አልኩት። ዓይኑን አፈጠጠ። "ሽማግሌ እምቢ ይባላል እንዴ አስካለ? አንቺ ራስሽ ሦስት ጊዜ ታርቀሽ አልነበር?"

ነበር።

ሙሉ ተነስታ ገባች። ሳቁ አለቀ።

እሑድ፣ ጥቅምት 12። ከቤ/ክ መልስ።

ብራቅን ጨረስኳት። ደብተሬ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው።

መጨረሻው ላይ ጽልመት ይሸነፋል። ብራቅ አትገድለውም። የሰፈር ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ጽልመት ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ላይ ይንበረከካል። ይቅር ትለዋለች። እሱም ይለወጣል፣ የዋጠውን መብራት ሁሉ ይመልሳል። ሁለቱ ተቃቅፈው ያልቃል።

ድንጋዩን አየሁት። ተራ ድንጋይ አይደለም። የወፍጮ መጅ ነው።

መጁን ለዳዊት የነገርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ ከቤት ይዞን፣ ታሪክዎን ያጫውቱኝ ብሎኝ። ባሌ ሦስተኛ ጊዜ ሲታረቀኝ ከገዛ ማጀቴ መጅ አንስቶ ጫንቃው ላይ አድርጎ እናቴ ደጅ ድረስ መጥቶ ተንበረከከ አልኩት። ከዚያ ወዲህ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ተከባብረን ኖርን አልኩት። ሽማግሌዎቹ ያሉኝን ሁሉ ነገርኩት። አንድ ቃል ሳያጎድል ጽፎታል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 1 ሰዓት።

ዳዊትን ጥርሱን ሳይፍቅ ያዝኩት። መጨረሻውን ቀይር አልኩት። ደነገጠ። ሽማግሌ እምቢ የምትል ጀግና መርካቶ ላይ ማን ይገዛታል አለኝ። በሦስተኛው ቁጥር ፖሊሱን ሳም ስላደረገችው እንኳ ስንት ስድብ ሰማን አለ። "ደግሞ እትዬ፣ እውነተኛ ታሪክ ነው። የእርስዎ!"

እውነቱ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ሥራ አለኝ ብዬ ሄድኩ። ፈሪ። የስልሳ አምስት ዓመት ፈሪ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16። ከሰ. 10 ሰዓት።

የብራቅን ገጾች ልጄ ከአልጋዬ ላይ አንስታ አንብባቸዋለች። እንዴት ነው አልኳት። ጥሩ ነው አለች። ገጾቹን መልሳ አስቀመጠችና፣ ምናልባት እሱም እንደ አባዬ ይለወጥ ይሆናል አለች።

አምላኬ።

እንግዲህ ለአንቺ ልናገር፣ ደብተሬ፤ ለአንቺም እስከዛሬ አልተናገርኩም። ያንን መጅ በሳምንቱ ወረወረብኝ። እጄ ላይ ያለው ጠባሳ እሱ ነው፣ ነስሩ አሳምሮ የሳለው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት መታኝ። እጁ የቆመው በሽታ ስላቆመው ነው። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ። ሙሉ ያኔ አራት ዓመቷ፤ የምታስታውሰው አልጋ ላይ ሆኖ ጸጉሯን የሚዳብስላትን ሰው ነው። ሰባት ዓመት አጎረስኩት። ተነስቶ ሊከለክለኝ ስላልቻለ ቀበሌ ሄጄ ፊደል ቆጠርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ይቅርታ አድርጊልኝ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ለምን ዋሸሁ? ጎረቤት የተለወጠ ባል ያላትን ሴት ያከብራታል። እኔም ክብር አማረኝ። በዚያ ክብር ልጄን ሁለት ጊዜ መለስኳት። አባትሽም እንዲህ ነበር፣ ቻዪው እያልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17። ቀን 5 ሰዓት።

ሱቁን ሳልከፍት ሰርቪሷ በር ላይ ቆምኩ። ለሁለቱም ነገርኳቸው። መጁን፣ ጠባሳውን፣ ሽባነቱን። ቆሜ፣ ባንድ ትንፋሽ። ነስሩ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ዳዊት አመዱ ቡን አለ። ከዚያ ትናንት ማተሚያ ቤት ገብቷል አለኝ። ታትሟል፣ እየተጠረዘ ነው። ሰኞ አዟሪዎች እጅ ይገባል። ስምንተኛው ቁጥር ላይ ጽልመት መልሶ እንዲመታት እናደርጋለን፣ እናስተካክለዋለን አለ።

"እስከ ስምንተኛው ስንት ሴት ትመለሳለች?" አልኩት። ግን እሱን ምን ልውቀስ? ውሸቱ የእኔ ነው። እሱ ሥዕል ጨመረበት እንጂ።

መርካቶ በሞላ ያነበዋል። የእኔ እጅ ያላት ሴት ባሏን አቅፋ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18። ከሰ. 8 ሰዓት።

ነገርኳት።

ጸጉሯን እያበጠርኩላት ነበር፤ በአንድ እጅ አይሆንላትም። ከኋላዋ ስለሆንኩ ፊቷን አላየሁም። ለዚህ ይሆናል የደፈርኩት። ሁሉንም። ስጨርስ ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ።

አላለቀሰችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "ሁለቱን ጊዜ ስትመልሺኝ ታውቂ ነበር፣ እማዬ?" አውቅ ነበር አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ጸጉሯ ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ ሳለ ተነስታ ወጣች። ውሃ ቀድታ ቀሚሷን በግራ እጇ ታሽ ጀመረች። የነገን ቀሚስ። ለማን ነው የምታጥበው? ለመሄድ ነው? ልጠይቃት አልደፈርኩም። እኔን ጠልታ ወደሱ ትሄድ ይሆናል። ይኼንንም ሠርቼው ይሆናል።

እሑድ፣ ጥቅምት 19። ጠዋት 3 ሰዓት።

ቀሚሱን ለብሳለች። አታናግረኝም።

ጋሼ በቀለ በማለዳ ከእድር ስምንት ወንበር አስመጥቶ ሳሎን ደረደረ። ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፤ ቆሞ ያስፈራራል። ተቀመጡ ስትዪ አበቃ፣ ሰጠሽ ማለት ነው። እኔ ተቀመጡ አልኳቸው፣ ሁለት ጊዜ። እናቴም ብላቸዋለች፣ ሦስት ጊዜ።

ወንበሮቹን አየኋቸው። ተነሳሁ። ሁለቱን አንስቼ ወደ ውጭ። ጋሼ በቀለ ምን ሆነሻል፣ አበድሽ፣ ሽማግሌ ቆሞ ሊሄድ ነው አለ። "ቆመው ይምጡ፣ ቆመው ይሂዱ" አልኩት። ክንዴን ያዘኝ። የሴት ወግ አይደለም አለኝ። የእኔ ቤት ነው አልኩት፤ እንዲህ ብዬው አላውቅም። ለቀቀኝ።

ተመልሼ ስገባ ሙሉ ቆማለች። በደህናው እጇ አንድ ወንበር አነሳች። በጀሶው ደግሞ ሌላውን ገፋ ገፋ እያደረገች አስከተለችው። ተዪው፣ ያምሻል አልኳት። አልተወችውም።

የቀሩትንም አውጥተን አሁን ሳሎኑ ባዶ ነው። መደቡ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። ሙሉ አጠገቤ ናት፤ ጸጉሯ እንደ ትናንቱ ነው፣ ግማሹ ተበትኗል። ሲመጡ በር ላይ ወጥቼ የመጁን ነገር በሽማግሌ ፊት፣ በጎረቤት ፊት እናገራለሁ። ጨርሼ ልጄን አልሰጥም እላለሁ። ክብር ከሄደ ይሂድ።

መኪና ቆመ። ጋሼ በቀለ ጋቢውን አስተካከለ። እማዬ ብዕሩን አስቀምጪው፣ ነይ አብረን እንውጣ አለችኝ ሙሉ።