ሁለት መኪና ይዞ ግቢ ውስጥ ስለ መቅረት፦ ለማኅበራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ፍሬምናጦስ
የግቢያችን የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ልደታ ኮንዶሚኒየም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው ያልተረበሸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈሪዳ ኑሪ ከእርስዎ ቤት በታች፣ በዚያው መወጣጫ የምኖር፣ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። እስከ ዛሬ ያረቀቅኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በሌላ ሰው ፊርማ የወጡ ናቸው። ይኼኛው ግን በራሴ ፊርማ ስለሚወጣ፣ ከእርስዎ ሌላ ጎረቤቶቼም እንዲያነቡት በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከእርስዎ መመሪያዎች አጠገብ፣ ለጥፌዋለሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት፣ አንድ ቤተሰብ ለምን ሁለት መኪና አስፈለገው የሚለውን በየስብሰባው ያነሱትን ጥያቄ በአጭሩ እንድመልስ ይፍቀዱልኝ። ባለቤቴ ሙኒር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ሰው ነው። የነዳጅ ሰልፍ ሲያስመርረው አሮጌ መኪናችንን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ለከተማ ምንም አይወጣላትም፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ እኔን ቢሮ፣ እሱን ሱቁ አድርሳ ድምፅ ሳታሰማ ትመለሳለች። ችግሩ አባቴ ነበር። አባቴ ሐጂ ኑሪ የሚኖረው ከቡታጅራ አለፍ ብሎ ገጠር ውስጥ ነበር። ልቡን ያመው ነበር፤ አዲስ አበባ መጥቶ ፎቅ ላይ መኖርን ደግሞ በጭራሽ እሺ አላለም። አንድ ጊዜ በኤሌክትሪኳ ሄድን። ለመመለሻ የሚሆነን እስኪሞላ የወንድሜን የቤት መብራት ስንስብ ዋልን፣ አምፖሎቹም እንደ ሻማ ደበዘዙ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲያያት ቆየና፣ ይህቺ ላም ብትሆን ኖሮ ገና ድሮ ሸጬላችሁ ነበር አለ።

ከዚያ በኋላ ሃይብሪድ ይገዛ ያልኩት እኔ ነኝ። በሶኬት የምትሞላ ሆና ነዳጅም የምትጠጣ፣ ያገለገለች መኪና አገኘን፤ የወርቅ ሀብሌን ጨምሬ ገዛናት። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፤ ኤሌክትሪኳ ለከተማ፣ ሃይብሪዷ ለአባቴ መንገድ። አባቴም ይህንን ሲሰማ ደስ ብሎት "የእኔ መኪና" ይላት ጀመር። በደወልን ቁጥር ከልጆቹ ደኅንነት ቀጥሎ የሚጠይቀው እሷን ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ግቢያችንን ለሁለት ከፍለው የነዳጅ መኪኖችን በበሩ በኩል፣ የኤሌክትሪኮቹን ሶኬቶቹ ባሉበት በግንቡ በኩል ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። የእኛ ሃይብሪድ የየትኛው ወገን ናት የሚለው በኮሚቴው ረጅም ክርክር ካስነሳ በኋላ፣ ሁለቱንም ስለሆነች ከአንዱም አትቆጠርም ብለው በጥበብዎ ወስነዋል። በዚሁ መሠረት "ጥናት እስኪደረግ" ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ቆመች። እዚያ ለመግባትም ሆነ ለመውጣት የሌሎች ጎረቤቶችን በር ማንኳኳት ግድ ነው፤ በዚህም አጋጣሚ ከብዙ ሰዎች ጋር ስላስተዋወቁን ውለታዎ አለብን።

ሁለተኛ፤ ለቻርጅ ተራ አውጥተውልናል። ለአንድ ቤት አንድ መኪና፣ እሷም ኤሌክትሪክ ብቻ። ሃይብሪድ ነዳጅ ስለያዘች ለእሳት ያጋልጣል ተብሎ ወደ ሶኬት እንዳትጠጋ ታገደች። መብራት ጠፍቶ ተራችን ካለፈ አለፈ ነው፤ ማካካሻ የለም። አንድ ሐሙስ ሙኒር ከራሳችን ወጥ ቤት፣ በራሳችን ቆጣሪ፣ በመስኮት ገመድ አውርዶ ሃይብሪዷን ቻርጅ አደረገ። እርስዎም ወዲያው ደርሰው ገመዱን ካስነቀሉ በኋላ የፊት ጎማዋን በቢጫ ብረት ቆለፉት። ቁልፉንም ለጥንቃቄ ሲባል ከጥበቃው ቤት ወስደው በራስዎ ዘንድ አኖሩት። ማመልከቻ ጽፌ አቀረብኩ። በጥናት ላይ ነው ተባልኩ። ደግሜ ጻፍኩ። ጥናቱ እየተጠና ነው ተባልኩ። አጻጻፌን ግን አድንቀውልኛል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ምስጋና ከሌሎቹ ስለሚረዝም ትዕግሥትዎን እጠይቃለሁ።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ጠዋት ቁርስ አቅርቤ ሳልቀመጥ ወንድሜ አብዱልሃኪም ደወለ። አብዱልሃኪም ነገር ማጋነን የማያውቅ ሰው ነው። "ፈሪዳ፣ አባባ ተዳክሟል፤ ስምሽን እየጠራ ነው። ዛሬውኑ ነይ" አለኝ። ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥተን ወረድን። የኤሌክትሪኳ ተራ ማታ ስለነበረ ባትሪዋ ሩብ እንኳ አልነበረውም። ሃይብሪዷ ግን ሳትቆለፍ በፊት ሙኒር ማደያ ተሰልፎ ነዳጇን ሞልቷት ነበር፤ እስከ አባቴ ደጃፍ ደርሳ ትመለሳለች። ከፊቷ የቆሙትን ጎረቤቶች ለመንን፤ ሁሉም ሳያጉረመርሙ ወርደው መኪኖቻቸውን አነሱልን። መንገዱ ተከፈተ። የቀረው ቢጫው ብረት ብቻ ነበር።

ደወልኩልዎ፤ አባቴ እየሞተ ነው አልኩዎት። እርስዎም በትሕትና፣ "አይዞሽ፣ አያት ሰፈር ነኝ፣ እየመጣሁ ነው፤ ከመኪናው አትራቁ" አሉኝ። እኛም ሰው ያለንን የምናምን ስለሆንን አልራቅንም። ሙኒር በሚኒባስ እንሂድ ብሎ ነበር። እኔ ግን መናኸሪያ ደርሰን ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ እርስዎ ይደርሳሉ ብዬ ከለከልኩት። ገብቼ ከፊት፣ መሪው ጋ ተቀመጥኩ፤ ቀበቶዬንም አሰርኩ። ሞተሩ ተነስቶ፣ መስታወቱ ተጠርጎ፣ ከፊቴ ያለው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እኔ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ታስሬ ተቀመጥኩ። በበሩ ወደ ሰንጋ ተራ የሚያልፉት መኪኖች ይታዩኝ ነበር። ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ እስር ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ቀበቶ ታስሮ፣ ሞተር እየሠራ፣ እግር ቤንዚን ላይ ሆኖ አለመንቀሳቀስ ምን እንደሚመስል ስላሳዩኝ ግን አመሰግናለሁ።

እርስዎ አልመጡም። ስልክዎም አይነሳም። ሙኒር ሱቅ ሄዶ የብረት መቁረጫ ይዞ ተመለሰ። ጥበቃችን ቶሌሳ እስከዚያ ድረስ ከእኛ ጋር ሲጨነቅ የቆየ ሰው ነው። መቁረጫውን ሲያይ መጥቶ ጎማው አጠገብ ቆመ። "ጋሼ ሙኒር፣ እርስዎ ቢቆርጡት አልፈርድብዎትም፤ እኔ ግን ነገ ሥራ የለኝም" አለው። ሙኒር መቁረጫውን መሬት አስቀመጠው። በባሌ ተናደድኩ። በቶሌሳም ተናደድኩ። ሁለቱም ትክክል ስለነበሩ ንዴቴን የማሳርፍበት አጣሁ።

የኮሚቴው አባል ወይዘሮ ፀዳለ ነገሩን ሰምተው በቤት ልብሳቸው ወረዱ፤ እሳቸው ሲደውሉ እርስዎ አነሱላቸው። በዚያን ጊዜ ነው ብረቱን ለመፍታት የሦስት የኮሚቴ አባላት ፊርማ እንደሚያስፈልግ፣ ሁለቱ ደግሞ ከከተማ ውጭ እንደሆኑ የገለጹላቸው። ወይዘሮ ፀዳለ ስልኩን ዘግተው የመኪናዬን በር ከፈቱና ቀበቶዬን በእጃቸው ፈቱልኝ። "ተነሺ ልጄ፣ በዚያኛይቱ ሂዱ፤ ሰውየው አይመጣም" አሉኝ።

በዚያኛይቱ ሄድን። ሙኒር ባትሪ ለመቆጠብ ቀስ እያለ ነዳ፤ ማቀዝቀዣውንም ዘጋው። ዓለም ገና አካባቢ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ አገኘን፤ መብራት ጠፍቶ ሰዎቹ ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። እንደምንም ይደርስልናል ብለን ቀጠልን። ትንሽ እንደሄድን ስልኬ ጠራ። አብዱልሃኪም ነበር። ስልኩን ከእጁ ተቀብላ መርዶውን የነገረችኝ ሚስቱ ነጅማ ናት። እኛ ዘንድ ሟች አይቆይም። ጀናዛው ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ እንደሚወጣ፣ እስከዚያ እንደሚጠብቁኝ፣ ከዚያ በላይ ግን አባባን ማቆየት እንደማይችሉ እያለቀሰች ነገረችኝ።

መኪናዋ ቡታጅራ ሳንደርስ ቆመች። ያለ ጩኸት፣ ያለ ጭስ፣ በጨዋነት መንገድ ዳር ቆመች። ሙኒር ከእሷ ጋር ቀረ። እኔን ሽንኩርት ለመጫን ባዶውን የሚወርድ አይሱዙ አሳፈረኝ። ሹፌሩ ስለ ምን እንደማለቅስ አልጠየቀኝም፤ ሬዲዮውን ብቻ ዘጋው።

የደረስኩት ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ ነው። ጫማቸው አፈር ለብሷል። ከፊት ያለው አብዱልሃኪም ነበር፤ ሲያየኝ ቆመ፣ የሚመጡትም ከኋላው ቆሙ። "እስከ መጨረሻው ወደ መንገዱ ሳይ ነበር" አለኝ። ከቤት ገባሁ፤ ሴቶቹ ተነሥተው አቀፉኝ። አባቴ ተኝቶበት የነበረው ፍራሽ ወደ ግድግዳው ተጠግቷል። ሴት ልጅ መቃብር አትወርድም፤ የእኔ ድርሻ ከቤት ሳይወጣ ፊቱን ማየት ብቻ ነበር። እሱን አላገኘሁም። ነጅማ ልትደብቀኝ ሞክራ አልሆነላትም፤ አባቴ ጠዋት ሁለት ጊዜ "መኪናዬ መጣች?" ብሎ እንደጠየቀ ነገረችኝ።

ምስጋናዬ በዚህ ቢያበቃ እወድ ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባ ተመልሰን እንግዳ ስንቀበል፣ እርስዎም ከኮሚቴው ጋር ሆነው ለቅሶ ደርሰውናል። ሳሎኔ መሐል ተቀምጠው ስለ አባቴ ዕድሜ፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ መልካም ቃል ተናግረዋል። ከዚያም ቤት የሞላው ሰው እየሰማ፣ "ፈሪዳ፣ ምነው ቀደም ብለሽ ብታሳውቂን ኖሮ?" አሉኝ። ሙኒር ተነሥቶ ደረጃው ላይ ወጣ። ወይዘሮ ፀዳለ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሻይ አቀረብኩልዎ፤ ስኳር ስንት እንደሚፈልጉም ጠየቅኩ። ይህ ደብዳቤ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

ደግሞም ስንመለስ ቢጫው ብረት ተፈትቶ አገኘነው። ማን እንደፈረመ ጠየቅኩ፤ ማንም አልፈረመም። እርስዎ ቁልፉን ለቶሌሳ ሰጥተው ፍታው ብለውታል፤ ፈታው። ነገሩ ከዚህ በላይ አልነበረም። አሁን መኪናዋ ነፃ ናት። አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ይዣት ወጣሁ፤ አየር ጤና ድረስ ሄጄ ወዴት እንደምቀጥል ስላላወቅሁ ተመለስኩ። መንገዱ አለ፤ ነዳጁም አለ፤ መጣሽ ወይ የሚለኝ የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰሌዳው ላይ አዲስ መመሪያ ተለጥፏል፤ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ በአንድነት የያዘ ቤተሰብ እስከ ወሩ መጨረሻ ከሁለቱ አንዷን ይምረጥ ይላል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ቤት አንድ ብቻ እንደሆነ ልብ ብያለሁ፤ በስማችን ባለመጥራትዎ ጨዋነትዎን አደንቃለሁ። መልሳችን ግን አንመርጥም የሚል ነው። ወንድሜና ልጆቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ እነሱም ይታመማሉ፣ እነሱም ይደውላሉ። የምጠይቀው ካሣ ወይም ይቅርታ አይደለም። የግቢያችን ማንኛውም ቁልፍ ቀንም ሌሊትም ከጥበቃው ቤት ይሰቀል፤ ሰው ሲቸገር ቶሌሳ ይክፈት፤ ፊርማው በኋላ ይምጣ። ወይዘሮ ፀዳለ በዚሁ ጉዳይ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራ አብዛኛውን ነዋሪ አስፈርመዋል፤ እንደማይቀሩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም እገኛለሁ፤ ከፊት እቀመጣለሁ።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለጠጡት ሻይ፣ ለጠበቁልን ሥርዓት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እርስዎን የሚያስቸግር አስቸኳይ ነገር በቤትዎ እንዳይገጥም፣ ከገጠመም ቁልፉ ቅርብ እንዲሆንልዎ የምመኝ፣

ጎረቤትዎ
ፈሪዳ ኑሪ

ማስታወሻ፦ በዚያ እሑድ "አያት ሰፈር ነኝ" ሲሉኝ፣ በበራችን በኩል አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ቁራሌው እየጮኸ ያልፍ ነበር። በአንደኛው ጆሮዬ ከመንገዱ፣ ስልኩን በያዝኩበት ጆሮዬ ደግሞ ከእርስዎ ቤት፣ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ቃል፣ በአንድ ጊዜ ሰማሁት። ቀና ስል የሳሎንዎ መጋረጃ ተመለሰ፤ አፍረው ይወርዳሉ ብዬ በርዎን አላንኳኳሁም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሙኒር ራሱ የሚያውቀው ይህንን ሲያነብ ነው።