የቶሎሳ ጉንጭ

ሰበታ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

በዚህ ከተማ ቀንድ አብቅዬ ያልሣልኩት ሰው የለም። ዛሬ ግን አዴ ጫልቱ፣ የጓደኛዬ የቶሎሳ እናት፣ «እባክህ አንድ ቀን እንኳ ሳትቀልድ ልጄን ሣልልኝ» አሉኝ። ቶሎሳን ሐኪም ቤት ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ መልሶታል። ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። ምስሉ ለምን እንደተፈለገ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ ሲርስ ቀለሙ ወይን ጠጅ የሚሆነውን እርሳሴን በምላሴ እያራስኩ ጀመርኩ። ቶሎሳ አየኝና ሳቀ።

«አንተ ጉድ፣ ከንፈርህ ጠቁሯል! ልትቀድመኝ ነው እንዴ?»

«ዝም በል፣ የአህያ ጆሮ እንዳልቀጥልልህ!»

«ቀጥል። ብቻ ጉንጬን ሙላልኝ። እማዬ ለቅሶ ላይ ምስሉን ይዛ ስትቆም ከስቼ እንዳታየኝ።»

ለካ ያውቃል። እርሳሴን እንደገና አራስኩና ጉንጩን ሞላሁት።

አዴ ጫልቱ ወረቀቱን በር ላይ አውጥተው አዩት። «ልጄ!» ብለው ቀለሙ ሳይደርቅ ሳሙት። የእሳቸውም ከንፈር ወይን ጠጅ ሆነ። ቶሎሳ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ።

ቤት ገብቼ ከንፈሬን አልታጠብኩም። ጠዋት እንዲህ እንደሆንኩ እሄድለታለሁ። ይሳቅብኝ፤ ብቻ ይጠብቀኝ።